አጎቴ በጾም የተኮሱት ኳስ

አጎቴ ጋሽ ደምሴ እንደ ልጅ የሚሳሱለት አንድ አሮጌ ምንሽር አላቸው። ባለፈው የገና ጾም፣ ሞላሌ ከተማ ብየዳ ቤት ያለው ወንድሜ በስልኩ ያየውን አስመስሎ አፈሙዙ ላይ የሚገጠም ጣሳ መሰል ነገር ሠራላቸው። እርሳሱ የወጣለት ጥይት ሲተኮስ የቴኒስ ኳስ ያስወነጭፋል።

«ጠመንጃ መጫወቻ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ጥቂት ቆይተው ግን ወደ እኔ ዞሩና «ከገደሉ ማዶ፣ ወልዴ ደጅ ይደርሳል?» አሉኝ።

ጋሽ ወልዴ የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው። ማዶ ለማዶ ሆነው የገና ጨዋታ ሲጫወቱ ነው ያደጉት፤ ሩሯን፣ ኳሷን ማለት ነው፣ ከገደሉ ሥር ያለውን ወንዝ ያሻገረ ያሸንፍ ነበር። እግራቸው ከደከመ ወዲህ ግን ሳይተያዩ ሁለት ዓመት አለፋቸው።

ተኮሱ። ኳሷ ገደሉ ውስጥ ገብታ ጠፋች። አጎቴ ቅር ብሏቸው ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡና ምንሽሩን መወልወል ጀመሩ።

አንድ ነገር ረስተን ኖሯል። በጾም ሠርግ የለም፤ በእኛ አገር በጾም ተኩስ ከተሰማ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከሦስት ሰዓት በኋላ ጋሽ ወልዴ በበቅሎ ሆነው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያሉ ደረሱ።

አጎቴ ቀና አሉ። ተያዩ። ከዚያ ተቃቅፈው ተላቀሱ፣ እኛም አብረን አለቀስን።

የተኩሱን ነገር እያፈርኩ ሳስረዳቸው ጋሽ ወልዴ እንባቸውን ጠረጉና ከኮታቸው ኪስ ኳሷን አወጡ።

«ስመጣ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት» አሉ ለአጎቴ። «ከወንዙ ወዲህ ነው የወደቀችው። አልገባችልህም።»