ጫልቱን ልብወለዷን ያስጣልኳት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። አሁን ግን ልናገረው ቆርጫለሁ።

ሰበታ ሳስተምር ጫልቱ የምትባል ባልደረባ ነበረችኝ። በልጅነቷ ካየቻቸው የህንድ ፊልሞች ተነሥታ ለልጆች ልብወለድ ጻፈች። ሚናል የምትባል ልጅ የእባቦች ንጉሥ የሰረቀውን የእናቷን ድምፅ ለማስመለስ በዕውር ዝሆን ጀርባ ላይ ተቀምጣ ትጓዛለች። ጫልቱ ያላት ያ አንድ ቅጂ ብቻ ነበር፤ ከማንም በፊት ለእኔ ሰጠችኝ።

አነበብኩት። ዝሆኑ ሚናልን ወንዝ ካሻገረ በኋላ እሱ ውሃው ውስጥ ሲቀር አለቀስኩ። እኔም ያኔ የልጆች መጽሐፍ እየጻፍኩ ነበር፤ የእኔው አጠገቡ እንደማይደርስ ገባኝ። ታዲያ ምን አልኳት?

«የእኛ ልጆች ህንድ ምን ያደርግላቸዋል? ተይው ጫልቱ፣ መጻፍ ያንቺ አይደለም።»

እኔ ነኝ ያልኳት። ያለቀስኩበትን መጽሐፍ አይረባም ያልኩት እኔ ነኝ። እሷ አመስግናኝ ሄደች። በኋላ ወረቀቱን ለባለሱቅ መጠቅለያ እንዲሆን እንደሰጠችው ስትነግረኝ፣ እውነቱን ማውጣት አቅቶኝ ነበር? አላቃተኝም፤ አልፈለግኩም።

የእኔ መጽሐፍ ታተመ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ዛሬ ቡራዩ ደህና ቤት አለኝ። ጫልቱ ማስተማሩን ትታ ዓለም ገና ከተማ የተማሪዎች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከዚያ ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችም።

ባለፈው ቅዳሜ ወደ እሷ ሄድኩ። «አከም ጅርታ?» ብላ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠይቃ እየሳቀች ተቀበለችኝ፤ ሳቋ የባሰ ከበደኝ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ቅናቴ ሰበብ ልደረድር ስል በእጇ አስቆመችኝ። ታሪኩ ከራሷም ትዝታ እንደጠፋ ነገረችኝ።

ከእኔ ግን አልጠፋም። ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላት። ዝሆኑ ወንዙ ጋ ሲደርስ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ መተረኬን አቆምኩ።

«ይቅር ልበልሽ አልበልሽ ገና አላውቅም» አለችኝ። «ብቻ ቀጥዪ።»

ቀጠልኩ፤ ጨረስኩላት። አሁን የማስታውሰውን ሁሉ እየጻፍኩ ነው። ወስጄ በእጇ አስረክባታለሁ፤ ብታሳትመውም ብታቃጥለውም የእሷ ነው። ምሕረት አድርጊልኝ ብዬ አልጨቀጭቃትም። ወጣት ነበርኩ ብዬም አላመካኝም፤ ጫልቱም ወጣት ነበረች።