ወለተሐና ከዊንዶውስ ስትፋታ

የጎረቤላ ልጅ ወለተሐና አንዴ የያዘችውን አትለቅም። ደብረ ብርሃን በአንድ ኮምፒውተር ቤት ጸሐፊ ሆና ሳለች የገዛቻት አሮጌ ላፕቶፕ ዊንዶውስን ለመክፈት ብቻ ግማሽ ሰዓት ታቃስታለች። ፕሮግራም መጻፍ ለሚማር ሰው ይሄ ፍዳ ነው። «በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጫኚባት፤ በነፃ ነው፣ አይከብዳትም» አሏት። የሊኑክስ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው፤ የትኛውን? እዚህ ላይ ጉድ ፈላ! አንዱ ኡቡንቱ ይላል፤ ሌላው ፌዶራ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። እሷ ግን ሁሉንም በፍላሽ እየሞከረች ለላፕቶፗ አቅም የሚስማማውን ሚንትን መረጠች።

መጀመሪያ ሰሞን አሳሯን አየች። የይለፍ ቃል ስትጽፍ ስክሪኑ ላይ ምንም አይታይ፤ ኪቦርዱ ተበላሸ ብላ ሁለት ቀን አዘነች። ለካስ የሊኑክስ ልማዱ ነው! በሦስተኛው ወር ግን ትእዛዙን በቃሏ ታንበለብለው ጀመር።

ከዚያ በኢንተርኔት የሚሰጥ የአንድ ዓመት ነፃ የፕሮግራሚንግ ሥልጠና መጣ። የመግቢያ ፈተናው ቅዳሜ ጥቅምት 8 ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት፣ በኮምፒውተር ብቻ። ላመለጠው ድጋሚ የለም።

ያን ጠዋት ጎረቤላ ወላጆቿ ቤት መብራት ሲመጣ ላፕቶፗን ሰክታ ስትከፍት፣ መብራት ጠፍቶ ስለሰነበተ ባትሪዋ ሙጥጥ ብሎ ኖሮ ቀኑም ሰዓቱም ጠፍቷል። ቀና ብላ የግድግዳውን ካላንደር አየችና በጥድፊያ ሞላችው። የፈተናው ገጽ ግን «አስተማማኝ አይደለም» እያለ አልከፈት አለ። አጠፋች፣ አበራች፤ ያው ነው። ሦስት ተኩል ሆነ።

«ምነው በዊንዶውሴ በቀረሁ!» ብላ እንባዋ መጣ።

አባቷ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ጠጋ አሉ። ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ በዓላትንና አጽዋማትን ማስላት ግን አርባ ዓመት የኖሩበት ሥራ ነው።

«አባባ፣ እባክዎ አሁን አይሆንም!» አለች ቆጣ ብላ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ይሄ ዕቃ የማን አገር ነው?»

«የፈረንጅ ነዋ!»

«ታዲያ ምነው 2018 ይላል? ፈረንጆቹ 2025 ላይ አይደሉም እንዴ?»

ወለተሐና ክው አለች። ሰባት ዓመት ወደኋላ የቀረች ማሽን የዛሬን ገጽ እንዴት ትመነው? ቀኑን በፈረንጁ አቆጣጠር ስታስተካክለው ገጹ ወዲያው ተከፈተ። በቀራት ጊዜ ፈተናውን ጨረሰች።

ማክሰኞ «አልፈሻል» የሚል መልእክት ደረሳት። በሩጫ አባቷ ወደሚያስተምሩበት የቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄዳ፣ በተማሪዎቻቸው ፊት ጉልበታቸውን ሳመች።

«አባባ፣ ስለተቆጣሁዎት ይቅር ይበሉኝ። አያውቁም ብዬ ነበር።»

«አላውቅማ» አሉ መሪጌታ። «በይ አሁን አስተምሪኝ።» ከመደቡ ላይም ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት።