ከግንቡ ኋላ የቀረው ባለካባ

ባለቤቴ ዱባለ ጀርባ ማየት አይወድም። ታክሲ ውስጥ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው ዞር ብሎ «ጀርባዬን ይቅርታ» ካላለው ቅር ይለዋል። ካለው ደግሞ «ግድ የለም፣ ልጄ» ብሎ መልሶ ቀኑን ሙሉ ፊቱ በርቶ ይውላል። ያደገው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ፣ አያቱ ቤት ነው። እዚያ ልጅ ከአዋቂ ፊት ሲወጣ ፊቱን ሳያዞር፣ ወደ ኋላው እየተራመደ ነበር የሚወጣው ይላል። እውነት ይሁን አላውቅም። አዲስ አበባ ገብቶ ጸጉሩ እስኪሸብት ይቺን አመል አልተዋትም።

ሥራው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከታክሲ መጫኛው ዝቅ ብሎ ባልዲ፣ ሳፋና ጀሪካን መሸጥ ነው። የተሰነጠቀ ባልዲ ካለ ገዢው ሳይጠይቀው ስንጥቁን በጣቱ ያሳያል። «ይቺ ለእህል እንጂ ለውኃ አትሆንም፣ እናቴ» ይላል። ጎረቤት ነጋዴዎች ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ በማግስቱ ግን ያንኑ ይደግማል።

ልጃችን ብሩኬ በመልክ እሱን ነበር። በአመል ግን ስንጥቅ ሲያይ ጣቱን የሚያስገባ ነበር።

ቀራንዮ ካለው ግቢያችን ወደ መንገድ የምትከፈተውን ክፍል ጌም ቤት ያደረጋት እሱ ነው። በሩ ላይ ጥቁር መጋረጃ፣ ውስጥ አግዳሚ ወንበሮችና ያረጁ ቴሌቪዥኖች። በሌሎቹ ላይ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጥግ ያለው የራሱ ነበር፤ እዚያ ላይ አንድ የቆየ ጨዋታ ብቻ ይከፈታል። ፊቱን በቆብ የሸፈነ፣ ካባ የለበሰ ባለጎራዴ ተራራ ላይ ያለ ግንብ ውስጥ እየተዋጋ የሚዞርበት ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል፤ እኛ ቤት ግን «ባለካባው» ነበር የሚባለው።

ያን ጨዋታ የሚጨርስ ብዙ ነው አሉ። ብሩኬ የታወቀው ጨዋታው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች በማወቁ ነው። ግንቡ ውስጥ አንድ ማሰሮ አለ፤ እሱ አጠገብ ቆሞ መድኃኒት እየጠጣ ቦርሳውን ከዘጋው ቁስሉ ይድናል፣ መድኃኒቱ ግን አያልቅም። ድልድዩ ላይ ሰው የማያሳልፍ አውሬ አለ፤ መሰላል ላይ ሆኖ ጎራዴውን ከመዘዘ ግን አውሬው አያየውም፣ አጠገቡ ያልፋል። ከሁሉም የሚገርመው ግድግዳው ነበር። ደረጃውና ግንቡ የሚገናኙባት ማዕዘን ላይ እየተንከባለለ ሳለ ጨዋታውን አቁሞ መልሶ ሲያስቀጥለው፣ ባለካባው ድንጋዩ ውስጥ ስምጥ ብሎ በወዲያኛው በኩል ይወጣል። ይቺን ለማየት ከቤቴል ድረስ ይመጡ ነበር። «የብሩኬ በር» ይሏታል።

አንድ ቅዳሜ ዱባለ ለምሳ ሊጠራው ገብቶ አየ።

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ግድግዳውን አለፍኩት፣ አባዬ።»

«በር የለውም?»

«አለው። በሩ ቁልፍ ይጠይቃል፣ ቁልፉ ደግሞ አውሬው ጋ ነው።»

«ሰብረህ ገባህ በለኛ።»

«አልሰበርኩም! ግንበኛው ራሱ የረሳው ቀዳዳ ነው። ሠሪው የረሳውን ማግኘት ሌብነት ነው እንዴ?»

«ባለቤቱ ሳያይህ መግባት ምን ይባላል ታዲያ?»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። «በላ! ፋዘር ቀይ ካርድ ሰጡህ!» አለ ኢብራር። ኢብራር የብሩኬ ጓደኛ ነው፤ ዓለም ባንክ ቴሌቪዥንና ራዲዮ ይጠግናል፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ እኛ ቤት ነው።

«አዲሱ ቅጂ ላይ ቀዳዳውን ደፍነውታል፣ አባዬ» አለ ብሩኬ። «እኔ ጋ ባለው ሲዲ ላይ ብቻ ነው የቀረው። እግዜር ለእኔ ብሎ ትቶት ነው።»

«እግዜርን እዚህ ውስጥ አታስገባው። ምሳ ቀርቧል፣ ና።»

ሆዱን ማመም ከጀመረው ቆይቶ ኖሯል፤ አልነገረንም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኢብራር ከጌም ቤቱ ሮጦ መጣና «እትዬ ሰብሌ፣ ብሩኬ መቆም አቅቶታል» አለኝ። ግራና ቀኝ ደግፈን ወደ ኮንትራት ታክሲው ወሰድነው። ዱባለ ከሱቅ መድረሱ ነበር። ከኋላችን «ብሩኬ!» ብሎ ጠራው። ብሩኬ አልዞረም። አልሰማ ይሆናል፤ ወይ ሕመሙ አላዞረው ይሆናል። ታክሲው ተነሳ፣ ዱባለ በሌላ ተከተለን። ሲደርስ ብሩኬ አልቆየውም። ሐኪሞቹ ዘግይቷል አሉን።

ስለ ቀብሩ አልጽፍም።

ድንኳኑ ፈርሶ፣ የተዋስናቸው ወንበሮች ከተመለሱ በኋላ ኢብራር መጥቶ ዱባለ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሽ ዱባለ፣ አንድ ነገር አለ። ይነገር አይነገር እያልኩ ነው እስከ ዛሬ የቆየሁት።»

«ንገረኝ።»

«ያን ዕለት፣ ከመውደቁ በፊት፣ የግንቡን የመጨረሻ ግድግዳ አልፎት ነበር። እዚያ ማንም ገብቶ አያውቅም። የደረሰበትን ቦታ የማሽኑ ሚሞሪ ላይ አስቀመጠውና ‹ከግንቡ ኋላ ነኝ፣ መመለሻውን ነገ አገኘዋለሁ› አለኝ።»

«ነገ አለ?»

«ነገ ነው ያለው።»

ዱባለ ተነሳ። «አሳየኝ» አለው።

ብሩኬ ከወደቀበት ቀን ጀምሮ ያልተከፈተውን ክፍል ከፈትነው። ማሽኑ ሲዲውን አላነብ አለ። ኢብራር ማሽኑን በጀርባው ገልብጦ አስቀመጠው፤ ሲዲ የሚያነበው ሌንስ ሲደክም ጌም ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ሲገለበጥ አነበበ።

ባለካባው ቆሟል። መሬት የለም፣ ሰማይ የለም፣ ዙሪያው ሁሉ የታጠበ አመድ የመሰለ ግራጫ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። የትንፋሹ ድምፅ ይሰማል።

«ምንድን ነው የሚያደርገው?» አለ ዱባለ።

«ይተነፍሳል። ሰው ካልነካው እንደዚያ ነው።»

«ማንን ነው የሚጠብቀው?»

«ማንንም አይጠብቅም፣ ጋሽ ዱባለ። ጌሙ ነው።»

ዱባለ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ደጅ ነው የቀረው» አለ።

ከዚያ በኋላ ከሱቅ ሲመለስ ወደ ቤት ሳይሆን ወደዚያች ክፍል ነበር የሚገባው። ጆይስቲኩን የሚይዘው ጫጩት እንደያዘ ሰው ነው፣ እንዳያመልጠውም እንዳይጎዳውም። ባለካባውን ወደ ፊት ሲያስኬደው ይወድቃል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይወድቃል። አወዳደቁ መጨረሻ የለውም፤ ካባው ራሱ ላይ ተገልብጦ፣ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። እንደገና ከሚሞሪው ሲከፍቱት ብሩኬ የተወው ቦታ ላይ ቆሞ ይተነፍሳል።

ጨዋታውን ሳያጠፋው ሱቅ የሚሄድባቸው ቀናት ነበሩ። እኔ ከክፍሏ ግድግዳ ሥር ልብስ አጥባለሁ። ውኃው ዝም ሲል ትንፋሹ በግድግዳው በኩል ይመጣል። አንዴ ሳፋውን ጥዬ ገባሁና ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። አላጠፋሁትም። ድምፁን ቀንሼ ወጣሁ፤ ግን ከዚያ በኋላ ይበልጥ የሰማሁት መሰለኝ።

የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ወንድም ዘርዓብሩክ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ኢብራርም ነበር። ዘርዓብሩክ መጋረጃውን ገልጦ ገባ፣ የቴሌቪዥኑን ማያ አየ፣ ከዱባለ ጎን ተቀመጠ።

«ወንድም ዱባለ፣ ብሩኬ ጌታ ጋ ነው። እዚህ ውስጥ የለም።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቁ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ሰው እኮ ያወራል። ሙታን ይፈልጋል ይላሉ።»

«ሙት አልፈልግም። ነገ እመልሰዋለሁ ብሎ የተወው ሥራ አለ። ሠራተኛ ሳይጨርስ ቢሄድ አባቱ አይጨርስለትም?»

ባለካባው ወደቀ፣ እንደገና ተከፈተ፣ ወደቀ። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እስቲ ወደ ግራ ትንሽ ጠጋ አድርገው ይሞክሩት።»

«ተሞክሯል፣ ወንድም» አለ ኢብራር።

«ሲዘልስ?»

«ሲዘል ቶሎ ይወድቃል።»

«አሃ» አለ ዘርዓብሩክ። ኮቱንም አወለቀ።

ከዚያ ማሽኑ መንጫጨት ጀመረ። ኢብራር ጆሮውን አስጠጋበት። «ጋሽ ዱባለ፣ ሌንሱ እየሞተ ነው። ዛሬ ካጠፋነው ነገ ላያነብ ይችላል። ሌንስ ይገኛል እንኳ ብንል፣ ሲዲውንም እየጫረው ነው። ይሄ ቅጂ ሌላ ቦታ የለም።»

ከባለካባው ትንፋሽ በቀር የሚሰማ የለም። ዱባለ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ባለካባውን ብዙ አየው።

«ኢብራር፣ ይሄ ልጅ ፊት የለውም?»

«አለው። ካሜራው ከኋላው ስለሆነ ነው። እንዲህ ያለ ጌም ላይ ተጫዋቹ ከኋላ ነው የሚከተለው።»

«ሁልጊዜ ጀርባውን?»

«ሁልጊዜ። ወደ ራስዎ ከሳቡት ይዞራል፤ ግን ማንም እንደዚያ አይጫወትም። የሚረግጡትን አያዩማ።»

«ወደ የትም አይሂድ። ፊቱን ያዙርልኝና ይበቃኛል።»

የጆይስቲኩን ማንሻ በአውራ ጣቱ ወደ ራሱ ሳበው፣ ቀስ ብሎ። ባለካባው ዞረ። ከቆቡ ሥር አገጭና ጥላ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ወደ እኛ መራመድ ጀመረ። አንድ እርምጃ፣ ሌላም። ሁላችንም መውደቁን ጠበቅን። አልወደቀም። እግሩ ምንም ላይ አላረፈም፤ ግን እየመጣ ነው፣ እየተለቀ።

ኢብራር ብድግ አለ። «አይልቀቁት! ወላሂ፣ አይልቀቁት!»

ዱባለ አልለቀቀውም። ማያው በድንጋይ ተሞላ፣ ጨለመ። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማን። ድንጋይ የረገጠ እግር ኮቴ። ባለካባው ግንቡ ውስጥ ነበር፣ እሳት ከሚነድበት አደባባይ ዳር።

«በመጣበት ነው የተመለሰው!» አለ ኢብራር፣ እየሳቀ ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። «እኛ መመለስ ስንፈልግ መጀመሪያ ካሜራውን ነበር የምናዞረው። ካሜራው ሲዞር ግድግዳው ይዘጋበታል። እርስዎ ካሜራውን ሳይነኩ ሰውየውን ብቻ አዞሩት!»

«በበሩ አይደለም የገባው» አልኩት ዱባለን። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።

«ይግባ እንጂ፣ ሰብሌ» አለ። «በየትም ይግባ።»

ማሽኑ እንደገና ተንጫጨ። «ቶሎ ያስቀምጡት፣ ሳይጠፋ!» አለ ኢብራር። ከዚያ ራሱ ቆም አለ። «ግን ሚሞሪው ሙሉ ነው። ይሄን ካስቀመጥን ብሩኬ ያስቀመጠው ይጠፋል፣ በላዩ ነው የሚጻፈው። ቆይ፣ የኳሱን ጨዋታ ላጥፋና ሁለቱንም እናቆያቸው።»

ዱባለ ራሱን ነቀነቀ።

«አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይቆምም።»

«ጋሽ ዱባለ፣ ያኛው በእጁ የነካው እኮ ነው። የመጨረሻው።»

«አውቃለሁ። ያን ካቆየነው፣ እኛ ስንተኛ እሱ እዚያው ግራጫው ውስጥ ነዋ የሚያድረው።»

ዘርዓብሩክ እኔን ተመለከተ፤ ዱባለም ተመለከተኝ። ጆይስቲኩን ዘረጋልኝ።

«አንቺ ተጫኚው።»

ኢብራር ማስቀመጫውን ቁልፍ በጣቱ አሳየኝ። በብዙ እጅ የተፈተገ፣ ምልክቱ የጠፋ ቁልፍ ነው። ብሩኬም በዚሁ ነው የተጫነው። ተጫንኩት። ማያው ላይ ጽሑፍ መጣና ሄደ።

«ገባ» አለ ኢብራር ዝቅ ባለ ድምፅ።

ማንም አልነካውም። ባለካባው ትንሽ ቆመ። ከዚያ ወደ እሳቱ ተጠግቶ፣ ካባውን ሰብስቦ ተቀመጠ። መቀመጥ እንደሚችል አላወቅንም ነበር። «እሳት አጠገብ ሲሆን ይቀመጣል» አለ ኢብራር፤ «ብሩኬ አስቀምጦት አያውቅም፣ ሁልጊዜ ያስሮጠዋል።» የተቀመጠው ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ነው።

ዱባለ ብዙ አየው። ጀርባውን።

«ግድ የለም፣ ልጄ» አለ።

ተነስቶ ማሽኑን በገዛ እጁ አጠፋው።

ከዚያ ወዲህ ማሽኑ ሲዲውን አላነበበም፤ ኢብራር ሌንስ ፈልጎ አምጥቶ ነበር፣ ዱባለ ግን «ይቅር» አለው። ክፍሏ ዛሬ የባልዲና የሳፋ ማከማቻ ናት። እኔ ዛሬም ከግድግዳዋ ሥር አጥባለሁ። ውኃው ዝም ሲል እጄን አቆማለሁ። የሚሰማ ነገር የለም፤ ቢሆንም ትንሽ ቆይቼ ነው ሌላውን ልብስ የማነሳው።