ሶላት ላይ ናት

ከአረብ አገር በተመለስኩ በሳምንቱ፣ የእናቴን መቃብር ልዘይር ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በአውቶቡስ ሄድኩ። ከተኳረፍኩት ወንድሜ ጋር ነው የሄድኩት፤ ሌላ ቦታ ጠፍቶ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

ረዳቱ በአማርኛ የተተረጎመ ፊልም ከፈተ። ፊልሙ ላይ የተኳረፉ እህትና ወንድም ኋላ ወንበር ላይ ፍየል ጭነው ባሮጌ መኪና ይጓዛሉ። ፍየሏ የእህትየዋን ሻሽ ስትበላ ተሳፋሪው ሁሉ አውካካ። ወንድሜም እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ በመስኮት አያለሁ።

መንገዱን እንዳጋመስን፣ የፊልሙ ወንድም ጎማ እየቀየረ ቀና ሳይል፣ "እማዬ ሞታለች" አላት።

ወንድሜ ሳቁን ዋጠና ወደኔ ዞረ። በጉዞው ሙሉ ያናገረኝ ያኔ ብቻ ነው።

"አየሽው ይሄን ጨካኝ? እንዲህ መንገድ ላይ መርዶ ይነገራል?"

እሱ አልጨከነብኝም። እናታችን ከተቀበረች በኋላ ዓመት ሙሉ እየደወልኩ "እማዬን አገናኘኝ" ስለው፣ አንዴ ገበያ ሄዳለች፣ አንዴ ሶላት ላይ ናት ይለኝ ነበር። ሶላት ላይ ናት ባለኝ ቁጥር እንዳልረብሻት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ስልኩን እዘጋ ነበር።