«ቱ» ካለ «ኢንግ» የለም

ጅግጅጋ ውስጥ የታወቅኩ የእንግሊዝኛ ሊቅ ነበርኩ። ማን ሾመህ አትበሉኝ፤ ራሴው ነኝ የሾምኩት። የመንግሥት ቢሮ ጸሐፊ ስለሆንኩ የሰፈሩ ሰው ደብዳቤውን እኔ ጋ ያመጣል፣ እኔም በቀይ እስክሪብቶ እሞነጫጭርበታለሁ። ደፍሮ የሚያርመኝ ስለሌለ እውቀቴ በየቀኑ ይፋፋ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቴ የሥራ ማመልከቻ ይዛ መጣች። ሶማሌ ናት፤ ሀርሺን ወረዳ ከአርብቶ አደሩ ጋር እየዞረች ሕፃናት ስትከትብ ስምንት ዓመት ሆኗታል። አሁን አንድ የእርዳታ ድርጅት ጅግጅጋ እያደረ ወደ ሀርሺን የሚመላለስ አስተባባሪ ይፈልጋል። ሥራውን ካገኘች እዚሁ እናቷ ዘንድ ከተወቻቸው ልጆቿ ጋር ትኖራለች። ትንሿ ልጇማ እሷን ስታይ «እንግዳ መጣ» ማለት ጀምራ ነበር።

«ዋርያ፣ እስቲ እያት፤ እንግሊዝኛዬ አያሳፍረኝም?» አለችኝ።

«አይ አም ዩዝድ ቱ ዎርኪንግ» ብላ ጽፋለች፤ በበረሃ፣ ብቻዬን፣ መኪና በሌለበት እያለች። ሳቄ መጣ።

«እህቴ፣ ቱ ካለ ኢንግ የለም! ከቱ በኋላ ግሥ ባዶውን ነው የሚቆመው። ደግሞ ‹አም› እና ‹ዩዝድ›ን ምን አንድ ላይ አጎራቸው?»

አሙንም ኢንጉንም ሰረዝኩላት። «አይ ዩዝድ ቱ ዎርክ» ሆነች። ምን የመሰለች ዓረፍተ ነገር ወጣት መሰላችሁ!

«ሀዬ፣ አንተ ካልክ» ብላ ሄደች፤ እንዳረምኩት አድርጋ ላከችው።

ለቃለ መጠይቅ ጠሯት። ስትመለስ በቀጥታ እኔ ቤት መጥታ ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች።

«መጀመሪያ የጠየቁኝ፣ የመስክ ሥራ ለምን ተውሽ ብለው ነው። ወላሂ አልተውኩም አልኳቸው። ደብዳቤሽ ድሮ እሠራ ነበር ይላል፣ የቱን እንመን አሉኝ። ሌላ ሰው ወሰዱ። እኔ ምን ብዬ ጽፌ ነው?»

ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ጓዳ ገባሁና ስልኬን ጎረጎርኩ። ለካ «አም» እና «ኢንግ» ካሉበት ለምጄዋለሁ ማለት ነው። ሁለቱ ከወጡ ደግሞ ድሮ እሠራ ነበር፣ አሁን ትቻለሁ። እኔ ሊቁ ሰውዬ ስምንት ዓመት የደከመችበትን ሥራ በሁለት ጭረት አስትቻታለሁ!

ውሃውን ይዤ ወጣሁ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

«እነዚህ ድርጅቶች እኮ ሰበብ አያጡም፤ አይዞሽ» አልኳት። አፍሬያለሁ፣ በጣም አፍሬያለሁ፤ ግን ማፈር ብቻውን አፍ አያናግርም።

ውሃውን ጠጥታ ተነሳች። ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ሀርሺን ትመለሳለች።

«እንኳንም አረምክልኝ ወንድሜ» አለች። «እኔ እንደጻፍኩት ልኬው ቢሆንማ ምን ይሉኝ ነበር! አላህ ይስጥህ።»

«አሜን» አልኩ።