ከግቢው በር የሰፋችው መንኮራኩር

ፋዲል ደርግ ሳይወድቅ ጀምሮ ከነጌሌ ፊልቱ፣ ከፊልቱ ዶሎ ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። ቤቱ ሁለት ሌሊት አከታትሎ ያደረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ባለቤቱ ሀፊዛ ነጌሌ ገበያው አጠገብ ጨርቃ ጨርቅና የስጦታ ዕቃ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ ልጆቹን አሳድጋ የዳረቻቸውም እሷ ናት። እሱ እንደ እንግዳ ይመጣል፣ እንደ እንግዳ ይስተናገዳል፣ ሳይሰለች ይሄዳል። ሁለቱም ይህን ኑሮ ለምደውት ነበር።

በ2000 ዓ.ም. የሚያዝያ ዝናብ መኪናው ፊልቱ ሳይደርስ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ተገለበጠ። ረዳቱ በጭረት ብቻ ተረፈ፤ የፋዲል ዳሌ ግን ተሰበረ። ከብዙ ወራት ሕክምና በኋላ በከዘራ መራመድ ቢችልም ሐኪሙ ከባድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለው።

ከዚያ በኋላ ማረፊያ አጣ። ሱቁ ውስጥ የጨርቁን ጥቅል ከቀኝ መደርደሪያ ወደ ግራ ያዛውራል፤ ሀፊዛ ስትመልሰው እንደገና ያዛውራል። ደንበኛዋ ገና ጨርቁን ሳትዳስስ ዋጋ ይነግራታል። ደክሞት ወንበር ላይ ይቀመጥና የመኪና ድምፅ ሲሰማ ከዘራውን ይዞ ይነሳል። ሀፊዛ መጀመሪያ ታዝንለት ነበር፤ እያደር ግን የከዘራውን ድምፅ ስትሰማ ትከሻዋ መወጠር ጀመረ።

አንድ ቀን የእህቷ ልጅ ካውሰር ወደ ሱቁ መጣች። ካውሰር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ አስተማሪ ናት። ያቤሎ ላይ የትምህርት ቤቶች ዐውደ ርዕይ ሊዘጋጅ ስለሆነ፣ ሰው ጨረቃ ላይ የወረደባትን መንኮራኩር ከተማሪዎቿ ጋር በካርቶን ልትሠራ እንዳሰበች ለአክስቷ እየነገረች ሳለ ፋዲል ጣልቃ ገባና የእውነተኛዋን ቁመት ጠየቃት። ሁለት ፎቅ እንደምታህል ነገረችው። ታዲያ ካርቶን ምን ይሠራል፣ በብረት ይሁን አለ። ሀፊዛ ከቤት የሚያወጣው ነገር በመገኘቱ ደስ አላት። ሥራው የሚካሄደው ግን እዚያው ግቢዋ ውስጥ ሆኖ ተገኘ።

ካውሰር ልኩን የእውነተኛዋን ሲሶ አድርጋ ሠራችለት። ብየዳውን የሠፈሩ በያጅ ጋሮማ ያዘው። መብራት በሄደ ቁጥር ጋሮማ ዕቃውን ሰብስቦ ይሄዳል፤ ፋዲል ግን መጋዙን ይዞ በእጁ ይቀጥላል። አራቱ እግሮች፣ መሰላሉ፣ ከላይ ያለችው ባለብዙ ማዕዘን ክፍል ቀስ በቀስ ቆሙ። የታችኛውን ክፍል ለማልበስ ሀፊዛ ለሠርግ ስጦታ መጠቅለያ ያመጣችውን ወርቃማ ወረቀት ፋዲል ጨረሰባት። አንድ ቀን ካውሰር ስትመጣ ከላይኛው ክፍል ውስጥ የመኪና መሪ ተገጥሞ አገኘች።

«አጎቴ፣ ይቺ እኮ መሪ የላትም» አለችው።

«በምን ይነዷታል ታዲያ?»

«በእጅ በምትያዝ ትንሽ መቆጣጠሪያ። ደግሞ ሰዎቹ ይደክማቸዋል ብለው እርስዎ ወንበር እንዳያስገቡ፤ ወንበርም የላትም። ቆመው ነው የወረዱት።»

ይህ ነገር ፋዲልን በጣም አስደሰተው። መሪውን ነቀለ፤ ሱቅ ለሚመጣ ሰው ሁሉ ጨረቃ ድረስ ቆመው ስለወረዱት ሰዎች ሲያወራ ሰነበተ።

በ2002 ዓ.ም. ጥር መውጫዋ ሲደርስ መንኮራኩሯ ከግቢው በር ሰፍታ ተገኘች። ጋሮማ እግሮቿን ቆርጠን ያቤሎ ላይ እንበይዳቸው አለ። ፋዲል እግሯን አላስነካም፤ በሩን ከነምሰሶው ነቀለው። ሀፊዛ መቼ እንደሚመልሰው ጠየቀችው። እንደተመለስኩ አላት። አይሱዙ ላይ ጫኗት፤ ካውሰር ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ፋዲል ከኋላ ካሶኒው ላይ ቆሞ ሄደ። መንገድ ላይ አሬሮ ሲደርሱ ሕዝቡ መኪናውን ከቦ አላሳልፍ ብሎ ነበር።

ያቤሎ ላይ የትምህርት ቤት ሜዳ ላይ አቆሟት። ሰው መጣ፣ ግን ጥቂት ቅር አለው። ሹል አፍንጫና ክንፍ ያላት ነገር ነበር የጠበቁት። አንድ ከብት ነጋዴ ዞሮ ዞሮ አያትና የውኃ ታንከር ማማ መሰለችኝ አለ። ካውሰር ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ ሹል መሆን እንደማያስፈልጋት አስረዳች። ፋዲል የመጀመሪያውን ቀን በደስታ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ግን የሚጠየቀውን ሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ሆነ። ከሜዳው ማዶ በሞያሌ መንገድ ላይ መኪኖች ማርሽ ሲቀይሩ ይሰማል። ሻይ ልጠጣ ብሎ ወጣ። መንገድ ዳር የድሮ ባልደረባው ዋቅጋሪ ጎማ ሲያይ አገኘው። አካም፣ ናጋ ብለው ሰላም ተባባሉ። ዋቅጋሪ የጋቢናውን በር ከፈተለት፤ ፋዲል ከዘራውን አስቀድሞ አስገባና ተከትሎ ወጣ። ለማንም አልተናገረም።

ማታ ካውሰር ወደ አክስቷ ደወለች። ሀፊዛ በር በሌለው ግቢ ውስጥ የቤቱን መዝጊያ በሣጥን እየደገፈች ነበር የምታድረው። ፋዲል እንደጠፋ ስትሰማ ጎረቤቷን ግቢውን እንዲያይላት ለምና ሱቋን ቆልፋ በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈረች። ያቤሎ ስትደርስ፣ ፋዲል ሲሳፈር ያዩ ሰዎች የጠቆሙት ዋቅጋሪ በስልክ ተገኝቶ ነበር፤ ፋዲል ደኅና ነው፣ ሞያሌ ነው። ካውሰር የሌሎቹን ተማሪዎች ሥራ ማየት ስለነበረባት ሀፊዛ መንኮራኩሯ አጠገብ ቆመች። ወራት ሙሉ ግቢዋ ውስጥ ሲወራ የሰማችውን ሁሉ ለሚጠይቃት በአማርኛም በኦሮምኛም ትናገር ጀመር።

ፋዲል በማግስቱ ተመለሰ። ሜዳው ሲደርስ ሚስቱን በሰው ተከባ አያትና ከኋላ ቆመ። ልጅ ያዘለች ሴት ሰዎቹ እዚያው ቀሩ ወይ ብላ ጠየቀች።

«አልቀሩም» አለች ሀፊዛ። «የቀረው ይኼ እግር ያለው የታችኛው ነው። እነሱ በላይኛው ተነሥተው መጡ። መመለሻቸውን ሳያዘጋጁ አልሄዱም።»

ሰዉ ሲበተን አየችው። አልጮኸችም።

«ግቢው እስካሁን በር የለውም» አለችው።

«ጥፋቴ ነው። ስሄድ ምንም አላሰብኩም፤ መኪናው ሲነሣ ብቻ ትንፋሼ መለስ አለልኝ።»

«እኔስ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ማርጀት የሚጥመኝ ይመስልሃል?»

ፋዲል ይህን ጠይቋት አያውቅም ነበር።

የፊልቱ አንድ ትምህርት ቤት መንኮራኩሯን ለማሳየት ጠይቆ ስለነበር ሀፊዛ ከካውሰር ጋር እኔ እወስዳታለሁ አለች። እሱ ነጌሌ ወረደ፤ እሷ በዚያው መኪና አለፈች። በሩን በማግስቱ ገጠመው፤ ሱቁን ከፈተ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ ሥራው። ይደውላል፣ ስልኳ አይያዝም። ከፊልቱ የሚመጣውን ሹፌር ሁሉ እያስቆመ መንገዱ ጭቃ ነው ወይ ይላል፤ ጭቃ የለም ይሉታል፣ አያምናቸውም። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ይነሣል። ቅዳሜ እመለሳለሁ ያለችው ሴት ማክሰኞ መጣች፤ ፊቷ ጠቁሮ፣ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ከፊልቱ ሴቶች የጨርቅ ትእዛዝ ይዛ። ሊቆጣ አሰበና ተወው፤ ከእጇ ሻንጣውን ተቀበላት።

መንኮራኩሯ ፊልቱ ቀረች። ንፋሱ ወርቃማውን ወረቀት ገፎ ጨረሰው፤ አጥንቷ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ሀፊዛ አሁን በየገበያው ቀን ጨርቅ ጭና ፊልቱ ትሄዳለች። ሱቁን የምትጠብቅ ሠራተኛ ቀጥራለች፤ ፋዲልን ግን ለሱቁ አላመነችውም። እሱ ዳሌው እየጠነከረ ሲሄድ ባጃጅ ገዛ፤ ከነጌሌ ሳይወጣ ከማለዳ እስከ ማታ ይዞራል። እሷ በምትመለስበት ቀን ከቀትር ጀምሮ መናኸሪያው በር ላይ ነው። ተሳፋሪ ሲጠራው ተይዣለሁ ይላል። ግን አንድ ቦታ አይቆምም፤ ወደ ፊልቱ መውጫ ደርሶ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል፣ ሞተሩን አያጠፋም።