ጉንሂልድ ብለው ሲጠሯት

ነጭ አንሶላ ላይ የወደቀ የተቃጠለ ሣር በጣት አይነሳም። ሲነኩት ይደቅቅና ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ዛሬ ጠዋት ከሰፈሬ ጀርባ ማሳ እየነደደ ነበርና እንዲህ ያለ አመድ ያሰጣሁት ልብስ ላይ ዘነበ። መሰብሰቡን ትቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አሶሳ በጥር ወር እንዲህ ነበረች። ሣሩ በየኮረብታው ይነዳል፤ ቀርከሃው እሳቱ ውስጥ እየፈነዳ ይጮኻል፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ የዛገ ቆርቆሮ ትመስላለች። የቀርከሃን ድምፅ ከጥይት ድምፅ መለየት የቻልነው ቆይተን ነው።

አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነበር። ከበርታ ጎረቤቶቻችን የሚለየን አንድ የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ባልየው ገበያ ላይ ጨርቅና ሳሙና የሚሸጥ ዝምተኛ ሰው ሲሆን፣ ሚስቱ ግን ስትስቅ ድምፅዋ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። የቢሮዎቹ ታፔላ ቀለም ሳይደርቅ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይቀየራል፤ በሩ ላይ የሚቆሙት ባለ ጠመንጃዎች ደግሞ እየበዙ ይሄዳሉ።

በዚያ ዓመት ሴትዮዋ ምጥ ጠናባት። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው አንዳቸውም አላደጉላትም። ጤና ጣቢያው ውስጥ ከስዊድን የመጣች ረጅም፣ ሽበታም ነርስ ነበረች፤ ከተማው ሁሉ ሲስተር እያለ ነው የሚጠራት። ባልየው ደጅ ቆሞ፣ እናትና ልጅ ከተረፉ ልጁን ባተረፋቸው ሰው ስም እንደሚጠራው ተሳለ። ሲሳል የሲስተርን ስም አያውቅም ነበር። ሁለቱም ተረፉ።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ ሄዶ ስሟን ጠየቃት። ለምን እንደፈለገው አልነገራትም፤ እንዳይጠፋበት በከንፈሩ እያላመጠው ተመለሰ። በግ ታረደ፤ የማሽላው ገንፎ ከባሚያው ወጥ ጋር ቀረበ። ሼኹ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ጨፈገገ፤ ሆኖም ነዝር፣ ማለትም ስለት፣ ከሆነ ይፈጸም አሉ። በሕፃኗ ጆሮ አዛን አሰሙና ስሙ ተጠራ፤ ጉንሂልድ። ከወሎ በሰፈራ የመጡ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ሊሉት ሞክረው አቃታቸው።

«ይቺን የሚያገባት ስሟን እስኪለምድ ጫጉላው ያልቅበታል» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሲስተር የደረሰችው ያኔ ነው። ስሙ ለልጅቷ እንደወጣ ሲነግሯት ፈገግታዋ አፏ ላይ ቀረ፤ ዓይኗ ግን ሌላ ነገር አየ። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ የሰው ዓይን የምከታተል፣ የሰማሁትን ስም ሁሉ ፍቺ የምጠይቅ እረፍት የለሽ ልጅ ነበርኩ።

ሕፃኗን ለክትባት አዝዬ የሄድኩ ቀን ጠየቅኋት። ክፍሉ ዴቶል ዴቶል ይሸት ነበር። ስሙ የሴት አያቷ እንደነበረ፣ አገሯ ውስጥ እያንዳንዱ ስም በቀን መቁጠሪያ ላይ የራሱ ቀን እንዳለው፣ የሷ በጥር ብርድ ላይ እንደሚውል አጫወተችኝ። ዛሬ ግን የአሮጊቶች ስም ሆኗል፤ ለልጁ የሚያወጣው ሰው እምብዛም አይገኝም።

«ፍቺውስ?» አልኳት።

እጇን ጣት በጣት አደረቀች። «ከሁለት ቃል ነው። የመጀመሪያው ጦርነት ማለት ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውም።»

ከዚያ፣ አገሯ ጦርነት ሳያይ ብዙ ዘመን ስለኖረ ስሙን ሲጠሩ ማንም ፍቺውን እንደማያስብ ነገረችኝ። ለእናትየዋ እንዳልነግራት ለመነችኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጆሮዬ ተበላሸ። ልጅቷ እያደገች ስትሄድ ሰፈሩ ቀኑን ሙሉ ይጠራት ነበር። ለኔ የሚሰማኝ ግን የማያውቁትን ነገር ወደ ደጃቸው ሲጠሩ ነው። ገበያው ከወትሮው ቀድሞ መበተን ጀመረ። ከድንበሩ፣ ከኩርሙክ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ባልየውን ጥግ ይዘው ያወሩታል። እሱም ሱቁ ያለውን ጨርቅ ቀስ በቀስ ወደ ቤት ያመጣዋል። ስሟ ቢቀየር የሚመጣው ነገር ልጅቷን የሚስታት ይመስለኝ ነበር። እናቴን ባማክራት፣ በሰው ልጅ ስም አትግቢ ብላ ዝም አሰኘችኝ።

አንድ ቀን የውጭ አገር ሰዎች ከተማውን ይልቀቁ ተባለና ሲስተር ሄደች። መኪና ከመግባቷ በፊት ልጅቷን ሳመቻት፤ ስሟን ግን አልጠራችም። በማግስቱ አጥሩን ተሻግሬ ለእናትየዋ ሁሉንም ነገርኳት።

ባሚያ እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ። ያን ትልቅ ሳቋን ጠብቄ ነበር፤ አልሳቀችም። አማርኛ አፏን ስላልፈታችበት እኔንም ልጇንም እንደ ወንድ ነበር የምታናግረን።

«ስማ፣ አንተ ልጅ» አለችኝ። «ጦርነት እኛ ቤት ሳይጠራ ብዙ ጊዜ መጣ። ሂድ ብለን አልሄደም። ወላሂ፣ ይሄ ግን ስጠራው ይመጣል። ተቀመጥ ስለው ይቀመጣል። ተወው፣ ይሁን።»

ከዚያ ባሚያዋን መክተፍ ቀጠለች።

በጥር፣ ኮረብታው ሲነድ፣ ድምፁን መጀመሪያ ቀርከሃ ነው አልን። ከገበያው በኩል ሰው እየሮጠ ሲመጣ ግን ገባን። ባልየው ሴቶቹን ወደ ጓዳ ሲያስገባ ልጅቷ አልነበረችም። እናትየዋ ነጠላ ጫማዋን ጥላ መንገዱ መሀል ወጣች። አመድ ይወርድ ነበር፤ ከሰል ከሰል የሚሸት ንፋስ አቧራውን ያነሳዋል።

«ጉንሂልድ! ና! ጉንሂልድ፣ ና!»

ምን እየጠራች እንደሆነ በዚያ መንገድ ላይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። አፏን ላፍነው ፈልጌ ጠጋ አልኳት። እሷ በጠራች ቁጥር ተኩሱ ይቀርብ ነበር። በጠራች ቁጥር።

ከማንጎው ዛፍ ሥር ልጅቷ ወጣች፤ ፊቷ ጥላሸት ለብሶ፣ አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛ። እናቷ አቀፈቻት፤ ጓዳ አስገባቻትና በጆሮዋ ተቀመጥ አለቻት። ልጅቷ ተቀመጠች። ውጭ ያለው ግን እስኪመሽ አልተቀመጠም።

ሲነጋ በጭነት መኪና ወደ ድንበሩ ሄዱ። ልጅቷ ጆንያዎቹ ላይ ሆና ጫማዋን አውለበለበችልኝ። እናትየዋ ወደኋላ አላየችም። ኋላ ላይ ድንበር ማዶ ካምፕ ውስጥ ናቸው የሚል ወሬ ሰማሁ፤ ከድንበሩ ወዲህ፣ ባምባሲ ታይተዋል ሲባልም ሄጄ ጠይቄያለሁ። እንዲህ ያለ ስም የሰማ አላገኘሁም።

ግጥም መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ይሄን ስም ስንኝ ውስጥ ላስገባው ሞክሬ አላውቅም። ዛሬ አንሶላውን ሳራግፍ ግን ሳላስበው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ልጠራት ጀመርኩ። ግማሹ ላይ አቆምኩ። እሷ ካልሰማችኝ ማን እንደሚሰማኝ አላውቅም።